የአስረኛ መ ስም ጥሪ

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ያመነ ይመን፣ ያላመነም መብቱ ነው...

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ቅዳሜ ነበር፣ ኅዳር ውስጥ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፒያሳ በፀሐይ ቁልጭ ብላለች።

ቦታው ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ላይ ሲወጡ የሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ልጆች ዛሬም ይማሩበታል።

ሐሴት እዚያ የታሪክ መምህርት ናት።

ሐምሌ ላይ እናቷን ቀበረች። ሰፈራቸው ሲፈርስ ሁለቱ ከአራዳ ወጥተው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተው ነበር። እናቷ እዚያ የቆየችው አራት ወር ብቻ ነው።

ሐሴት አላለቀሰችም። ለቅሶ የመጡት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። "ግድ የለም፣ ውሎ አድሮ ይወጣላታል" ተባባሉ።

አልወጣላትም። ትበላለች፣ ታክሲ ትሳፈራለች፣ ታስተምራለች። ውስጧ ግን የጥርስ ሐኪም መርፌ እንደወጋው ድድ ድንዝዝ ብሏል። ቢነክሱትም አይሰማው።

ስለዚህ ርዕሰ መምህሯ ጠርታ "የትምህርት ቤታችንን ታሪክ ጻፊልን፣ ለምሥረታ በዓሉ መጽሔት ነው" ስትላት፣ ሐሴት "እሺ" አለች።

የሪከርድ ክፍሉን ቁልፍ የሰጧት ጋሽ መድኃኔ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። መዝገቡን እንደ እሳቸው የሚያውቅ ስለጠፋ ግን በኮንትራት አሉ።

"ምን ልትፈልጊ ነው፣ ልጄ?"

"ከጥንት ጀምሮ ምን ምን ትምህርት ይሰጥ እንደነበር ነው፣ ጋሼ። የቀኑም የማታውም..."

ቁልፉን ሊሰጧት የዘረጉት እጅ አየር ላይ ቆመ።

"የቀኑን ጻፊ።"

"የማታውስ?"

"የማታው ተዘግቷል።"

"መቼ?"

"ተዘግቷል አልኩሽ እኮ!"

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትተውላት ወጡ። ተቆጥተው አያውቁም ነበር... ሐሴት ግን ምንም አልመሰላትም።

ሪከርድ ክፍሉ ከአሮጌው የድንጋይ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። አንድ ሰዓት ያህል አቧራ ስትጠርግና ስትጽፍ ቆየች። የታይፕ ክፍል የተከፈተበት ዓመት። የእንጨት ሥራ። ባልትና። በአንድ ወቅት ትምህርት ቤቱ የራሱ ማርሽ ባንድ ሁሉ ነበረው።

ከዚያ የማታው ተማሪዎች መዝገብ ተገኘ። በስማቸው ፊት፣ ሥራ በሚለው ዓምድ፣ "የወርቅ ቤት ሠራተኛ" ይላል። "አትክልት ተራ፣ ተሸካሚ።" "የቤት ሠራተኛ።" ቀን ለፍተው ማታ የሚማሩ ልጆች ነበሩ።

ከመዝገቡ ስር አንድ ስስ የስም መጥሪያ ደብተር ነበር።

"10ኛ መ። የማታ። 1969 ዓ.ም."

ሃያ ስድስት ተማሪ። ሐሴት በጣቷ እየተከተለች ወረደች... አስራ አራተኛው ላይ ቆመች።

አይናዲስ እሸቴ።

እናቷ።

እናቷ እዚህ መማሯን ነግራት አታውቅም። "እስከ አስረኛ ተምሬ አቋረጥኩ" ብቻ ነበር የምትለው። "ለምን?" ስትባል "አሞኝ ነበር" ትልና ወሬ ትቀይራለች።

ሐሴት ወደ ቀኖቹ ሄደች። ራይት፣ ራይት፣ ራይት... እስከ አንድ የመጋቢት ሐሙስ ድረስ። ያን ቀን በእናቷ ስም ፊት "ቀ" ተጽፏል። ቀሪ።

አሞኝ ነበር።

ደብተሩ እዚያ ማለቅ ነበረበት። ሐሴት የታሪክ መምህርት ናት፤ በ1969፣ በቀይ ሽብር፣ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ በአንድ ማታ እንዴት ሊጠፋ እንደሚችል የሚነግራት አያስፈልጋትም።

ግን አላለቀም።

ገለጠች። 1970።

ገለጠች። 1978።

ደብተሩ ስስ ነው፤ ገጹ ግን አላልቅ አለ። የእጅ ጽሑፉ ያው ነው። ከእናቷ ስም ልክ በላይና ልክ በታች ያሉት ተማሪዎች ራይት፣ ራይት፣ ራይት። የእናቷ ፊት ቀ፣ ቀ፣ ቀ... አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ።

ሐምሌ አስራ አንድ። ቀ።

ሐምሌ አስራ ሁለት። ራይት።

እናቷ ያረፈችው ሐምሌ አስራ አንድ ማታ ነው።

መጮህ ነበረባት። ራሷም ይህን ታውቃለች። እሷ ግን ተቀምጣ ራይቱን አየችው። ጥሩ ራይት ነው፣ ጫፉ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ያለ።

ያኔ ነው ከላይ የሰማችው።

የዴስክ ድምፅ። ሰው ሲቀመጥ የሚያሰማው ዓይነት... ከዚያ አንድ ሳል። ከዚያ የታፈነ ሳቅ።

ቅዳሜ ነው። ግቢው ውስጥ ከጥበቃውና ከጋሽ መድኃኔ ሌላ ሰው የለም።

ደብተሩን ይዛ ደረጃውን ወጣች። የፎቁ የመጀመሪያ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ዛሬ ማንም አይማርበትም፤ ዴስኮቹን ግን ያወጣቸው የለም።

በሩን ገፋችው።

ባዶ።

በመስኮቱ የገባው ፀሐይ አቧራው ላይ ተኝቷል። ወለሉ ላይ አንድም ዳና የለም። ሐሴት አንድ እርምጃ ገባች...

ዴስኮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንኳኩ።

ድምፁን ታውቀዋለች። በየቀኑ ትሰማዋለች። መምህር ሲገባ ተማሪ ብድግ ሲል ነው።

እየጠበቁ ነው።

"ተቀመጡ" አለች። አፏ ለምዶበት ነው።

ተቀመጡ።

ደብተሩን የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። የዛሬው ቀን ተጽፏል፤ ከስሩ ግን ምንም የለም። እስክሪብቶ ከቦርሳዋ አወጣች። ሌላ ምን እንደሚደረግ አላወቀችም።

"አክበረት ወልዴ።"

"አቤት።"

ከፊት ረድፍ ነው። ቀጭን የሴት ልጅ ድምፅ። ዴስኩ ላይ ግን ማንም የለም።

ራይት።

"አቡበከር ሸምሱ።"

"አቤት።"

ራይት።

አስራ ሦስት ድረስ እንዲህ ሄደ። አስራ አራተኛው የእናቷ ስም ነው። ዘለለችውና አስራ አምስተኛውን ጠራች።

ማንም አልመለሰም።

ደግማ ጠራች።

ከዚያ ከሦስተኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ ጥግ፣ በሹክሹክታ...

"ሐሴትዬ።"

እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ።

"ዘለልሽኝ።"

አራት ወር ሙሉ ደርቆ የከረመው ዓይኗ ሞቀ። አንድ ነገር በጉንጯ ወረደ። አልጠረገችውም።

"አይናዲስ እሸቴ" አለች።

"አቤት!"

የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር። ያመማት አትመስልም።

ሐሴት እስክሪብቶውን አንስታ ራይት አደረገች። ከዚያ በኋላ ስሞቹን በጥድፊያ ነው የጠራቻቸው። መጨረስ፣ መውጣት፣ ታክሲ መያዝ ብቻ ነው የፈለገችው። ሃያ ሦስት። ሃያ አራት። ሃያ አምስት። ሃያ ስድስተኛው ከሁሉ ዘግይቶ የተመዘገበ ልጅ ነው።

"መድኃኔ ዘርዓብሩክ።"

ጠርታ ከጨረሰች በኋላ ነው የገባት።

በስሙ ፊት ያለውን አየች። ቀ፣ ቀ፣ ቀ... ከዚያ የመጋቢት ሐሙስ ጀምሮ እስከ ትናንት ድረስ።

ማንም አልመለሰም። ሐሴት ትንፋሿን ለቀቀች።

"ድገሚው" አለች እናቷ ከጥግ።

"አልደግምም።"

"ሐሴትዬ..."

"አልደግምም፣ እማ! እሳቸው አሉ። ታች ናቸው።"

ደብተሩን ዘጋችው። ክፍሉ ውስጥ ሃያ አምስት ሰው ሲተነፍስ ይሰማታል።

"ግድ የለም" አለች እናቷ በቀስታ። "ሰምቷል።"

ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ የሚወጣ፣ የወጣት ኮቴ።

በሩ ተከፈተ።

ጋሽ መድኃኔ ናቸው። ግራጫ ካፖርታቸው ትከሻቸው ላይ ነው። አያለከልኩም።

"አቤት" አሉ። ከዚያ እንዳጠፋ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ። "ይቅርታ፣ መምህርት... አርፍጃለሁ።"

ከታች፣ ከግቢው፣ የጥበቃው ጩኸት መጣ።

"ኧረ የሰው ያለህ! ጋሽ መድኃኔ ወደቁ! ኧረ ድረሱ፣ አይተነፍሱም!"

ሐሴት ወደ መስኮቱ ዞረች። መልሳ ወደ በሩ ዞረች። ጋሽ መድኃኔ ጩኸቱን የሰሙ አይመስሉም። በአጠገቧ አልፈው ወደ ኋላ ረድፍ እየሄዱ ነው። አቧራው ላይ ዳና አይተዉም።

መጨረሻው ዴስክ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ጠጋ በሉለት እንጂ" አለ አንድ ድምፅ።

ዴስኩ ሲጢጥ አለ... ባዶው ወንበር ላይ ሰዎች ጠጋ፣ ጠጋ አሉ።