ያልተመረገው ግድግዳ

ሳጂድ ያረጁ ቤቶችን ሊመዘግብ መተማ የደረሰው በሚያዝያ ሙቀት ነው። ተወልዶ የተማረው ጎንደር፣ በድንጋይ ግንብ አጠገብ ነበር።

የሐጂ በሽር ቤት ግን የጭቃ ጡብ ነው፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ በሩ ሰማያዊ። ልጃቸው ሳቢራ እበትና ጭድ የገባበትን ጭቃ አቡክታ፣ እስከ ክርኗ ተለውሳ ግድግዳውን ልትመርግ ስትል ደረሰ።

«ቆዪ፣ እንዳትነኪው።»

ቀና ብላ አየችው። «በአባቴ ቤት ከልካይ የሆንከው አንተ ማን ነህ?»

በዚያ ቤት ልማድ፣ ምርጊት ባለቀ ቁጥር የቤቱ እመቤት በበሩ አጠገብ መዳፏን ታሳርፋለች። ጭቃው በተላጠበት በኩል የሳቢራ እናት መዳፍ ይታይ ነበር። እናቷ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። ሳጂድ የማን እጅ እንደሆነ ጠየቃት። ዓይኗ እንባ ማቅረሩን አይቶ ፊቱን አዞረላት። ፊቱን ሲመልስ ፈገግ ብላ ጭቃማ መዳፏን በማስታወሻ ደብተሩ ላይ አሳረፈች።

«ይኸንንም መዝግብ።»

ቤቱን ሲለካ የሜትሩን ጫፍ ትይዝለት ጀመር። ለክተው ከጨረሱም በኋላ ሜትሩን ሳይለቁ ይቆማሉ። በግንቦት ሽማግሌ ላከ። ሐጂ በሽር ሠርጉ ከክረምት በኋላ፣ እዚያው ግቢ እንዲሆን ፈቀዱ።

እሱም አንድ ነገር ለመናቸው፤ ባለሙያዎች መጥተው ግድግዳውን እስኪያጠኑ ምርጊቱ ይቆይ። አዛውንቱ ወደ ልጃቸው ተመለከቱ።

«ጭቃ እንደ ጎንደር ግንብ አይደለም፣ ሳጂድ» አለች። «ካልመረግነው ክረምቱን አይችልም።»

«ከሰኔ በፊት ይመጣሉ። ቃሌ ነው።»

ትክ ብላ አየችው። «እንግዲህ ቃልህን ለብሶ ይክረም።»

ሰኔ ገባ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ባለሙያዎቹ አልመጡም። ሳጂድ ራሱ እንመርገው ሲል ዝናቡ ቀድሞት ነበር፤ እርጥብ ጭቃ በእርጥብ ግድግዳ ላይ አይይዝም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግድግዳው በሩን ይዞ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም። ሮጦ ሲደርስ ሳቢራ ከፍርስራሹ ውስጥ የእናቷን መዳፍ አሻራ በእጇ ትፈልግ ነበር። አብሯት ተንበረከከ። ያነሱት ሁሉ በጣታቸው መሃል እየሟሟ ፈሰሰ።

ሐጂ በሽር አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

«ብመርገው ኖሮ የእናቴ እጅ ይሸፈን ነበር እንጂ አይጠፋም ነበር» አለች ሳቢራ።

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ፊትህን ማየት አልችልም።»

ሽማግሌዎቹ ጋብቻው መቅረቱ ተነግሯቸው በክብር ተሰናበቱ። አባትና ልጅ ኮኪት፣ ወንድሟ ከሠራው የብሎኬት ቤት ገቡ።

ሳጂድ የሳቢራ መዳፍ ያረፈበትን ደብተር ይዞ ጎንደር ተመለሰ። በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጦታል፤ ማንም አይነካውም። ሆኖም በከፈተው ቁጥር ጭቃው ጥቂት ጥቂት ይረግፋል። ዘንድሮ የትንሿ ጣት ቦታ ባዶ ወረቀት ሆኗል።