ሳሙና የነካው ባልዲ

ዴንዚል ክራብትሪ ሐይቁ ዳር፣ ታጣፊ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። ኢንስፔክተር ማርጀሪ ፔል ስትደርስ ፊቱ አብጦ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ አገኘችው፤ ሁለቱ ዘንጎቹ ግን ገመዳቸውን ውሃው ውስጥ ጥለው ዓሣ ይጠብቁ ነበር። ሐኪሙ ብዙ አልተቸገረም። ሟቹ ከልጅነቱ ጀምሮ የኦቾሎኒ አለርጂ ነበረበት፤ ኦቾሎኒ በልቶ ጉሮሮው ተዘግቷል። ያልታወቀው ከየት አግኝቶ እንደበላው ነው።

ሁሉም የጠረጠረው ልጁን ሄዘልን ነው። የዚያን ቀን የምሳውን ሳንዱች የሠራችው እሷ ናት፤ ቤቷ ደግሞ ለልጆቿ የተገዛ የኦቾሎኒ ቅቤ አለ። ከሁሉም ቀድማ ራሷን የወነጀለችውም እሷው ናት።

«ቢላውን ሁልጊዜ አጥበዋለሁ» አለች፣ በማግስቱ ፔል ወጥ ቤቷ ስትገባ። «ያን ዕለት ማጠቤን ግን ላስታውስ አልቻልኩም። ሌሊቱን ሙሉ ሞከርኩ። አልመጣልኝ አለ።»

በሩ አጠገብ የቆሻሻ ከረጢት ነበር። የቤቱ ቢላና ማንኪያ ሁሉ እዚያ ውስጥ ታጭቋል። ፔል በዚህ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ስትቆይ፣ ለእንዲህ ያለ ሰው የሚባል ነገር ተምራ አታውቅም። ወንበር ስባ አጠገቧ ትንሽ ተቀመጠችና ወደ ሐይቁ ሄደች።

የሐይቁ ጠባቂ ግሊን በግቢው መግቢያ በር አጠገብ ባለችው ቤቱ ሻይ አቀረበላት።

«በሕይወት ያየኸው መቼ ነው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሻይ አብረን ጠጣን። ሳንዱቹን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሶ ‹ሄዘል ሰናፍጭ ትሰስታለች› እያለ ሲያማት ነበር። ምንም አልሆነም።»

«ከዚያስ?»

«ለአሥር ሃያ ጉዳይ ላይ ጓደኛው ኔቪል እየሮጠ መጣ። ‹ዴንዚልን ሞቶ አገኘሁት› አለኝ። እዚህ ሸለቆ ሞባይል አይሠራም፤ አምቡላንሱን ከእኔ ቤት ጠራን። ምስኪን፣ እጅጌው እስከ ክርኑ ርሶ ነበር።»

«በምን ራሰ?»

«አልጠየቅኩትም። ዓሣ አጥማጅ ደረቅ ሆኖ አይቼም አላውቅ።»

«እዚህ ኦቾሎኒ የሚይዝ ሰው አለ?»

«በፍጹም። ለዓሦቹ አይስማማም ተብሎ ተከልክሏል። የያዘ ይባረራል። የአጥማጆቹ ማኅበር አባል ለመሆን አሥራ አንድ ዓመት ወረፋ ነው፤ አንዴ ከወጡ መመለስ የለም።»

ኔቪል የስልሳ ስድስት ዓመት ሰው ነው። ከዴንዚል ጋር ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጦ አጥምዷል፤ ሄዘልም ከልጅነቷ ጀምሮ አጎቴ ትለዋለች። ፔል ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ሊጥ ሲያሽ አገኘችው።

«እጄ ሥራ መፍታት አይወድም» አላት ቀና ሳይል።

«ምንድን ነው የሚያሹት?»

«ማባበያ ነው። የዓሣ ዱቄት፣ የወተት ዱቄት፣ እንቁላል። ይድበለበልና ይቀቀላል። ካርፕ የሚባለው ዓሣ ሞኝ አይደለም፤ ገንቢ ምግብ ካገኘ ዓመቱን ሙሉ ይመላለሳል። ከልጆቼ ይልቅ እነሱን ነው በደንብ ያበላሁት። ይዘን መዝነን መልሰን እንለቃቸዋለን።»

«ሌላስ ምን ይገባበታል?»

«እሱን ለሚስቴም አልተናገርኩ።»

«ለዴንዚልስ?»

«እሱማ ሰርቆ ነው የሚያውቀው። በየዓመቱ አንዳችን ከሌላችን ባልዲ አንድ ድብልብል ሰርቀን እንቀምሳለን። ምን እንደገባበት አወቅኩ ያለ አውራ ጣቱን ያወጣል፤ የተሸነፈው ቁርስ ሲጠብስ ይከርማል…» ፈገግ ሊል ሲል ወደ ሊጡ ተመለሰ።

ፔል ዕቃውን አየችው። ማንቆርቆሪያው ጭቃ ለብሷል፤ መጥበሻው የሳምንት ቅባት ጋግሮበታል። አንደኛው ባልዲ ግን ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ሎሚ ሎሚ ይላል። ከዚያ የዴንዚል ወንበር የነበረበትን ሣር በእጇ ስትዳብስ ቆይታ፣ ጥርስ ያረፈበት ግማሽ ድብልብል አገኘች።

የላቦራቶሪው ውጤት ሐሙስ ደረሰ። ፔል ሄዘልን፣ ኔቪልንና ግሊንን በግሊን ቤት ሰበሰበቻቸው። ሄዘል ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ከሳንዱቹ ልጀምር» አለች ፔል። «አባትሽ በልቶት ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ደህና ሆኖ ይቀልድ ነበር። ሐኪሙ እንደሚለው፣ የእሱ ሕመም ይህን ያህል አይታገስም። ቢላሽ ንጹሕ ነው፣ ሄዘል።»

ሄዘል አፏን በእጇ ያዘች።

«ሁለተኛ፣ ከወንበሩ ሥር የተነከሰ ማባበያ አገኘሁ። ውስጡ የኦቾሎኒ ዱቄት አለ። ዴንዚል ኦቾሎኒ በአካባቢው እንደማይገባ ስለሚያምን ሳይፈራ ቀመሰው። ግሊን፣ የማባበያ ባልዲ በሳሙና ይታጠባል?»

«በሳሙና? ካርፕ ሳሙና ከሸተተው ድርሽ አይልም። ኔቪል እንኳን ባልዲውን እጁንም…» ወደ ኔቪል ዞረ።

«የአቶ ኔቪል ባልዲ የሎሚ ሳሙና ይሸታል። እርዳታ ፍለጋ ሲመጡ እጅጌያቸው ርሶ ነበር። ስለዚህ ባልዲው የታጠበው አንተን ከመጥራታቸው በፊት ነው። ዴንዚል አለርጂው ሲነሳበት የሚወጋው የመድኃኒት መርፌ ደግሞ በሩ አጠገብ፣ መኪናው ውስጥ ነበር። የውሃ ቧንቧው ወደ መኪናው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አቶ ኔቪል፣ ቧንቧው ጋ ሲቆሙ ዴንዚል ይተነፍስ ነበር?»

ኔቪል እጆቹን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ዘንድሮ አንድም ትልቅ ዓሣ አልያዝኩም» አለ። «አንዴ ብቻ ልሞክር ብዬ ጨመርኩ። ባልዲውን ደብቄው ነበር፤ እሱ ግን አገኘው። ከመጸዳጃ ስመለስ አውራ ጣቱን አወጣልኝ። ከዚያ ማበጥ ጀመረ። ስሄድ ይተነፍስ ነበር። ባልዲውን ካዩት ሐይቁን አጣለሁ ብዬ… ታጥቦ እስኪያልቅ ሦስት ደቂቃ ብትሆን ነው። መርፌውን ይዤ ስመለስ አልቆለት ነበር።»

«አራት ቀን ሙሉ እኔ ገደልኩት ስል እያየኸኝ» አለች ሄዘል በዝግታ። «ቤቴ መጥተህ እጄን ይዘህ፣ አጎቴ ኔቪል።»

ሄዘል ወደ ፔል ዞረች።

«ሦስቱ ደቂቃ ያድነው ነበር?»

ፔል ይህን ጥያቄ ትፈራው ነበር። «ሐኪሙን ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት። ማወቅ አይቻልም አለኝ። ምናልባት አዎ፣ ምናልባት አይ። ለፖሊስ ስለ መዋሸታቸው እከሳቸዋለሁ። ከዚያ የሚያልፈውን በፍርድ ቤት ማስረዳት አልችልም። ይቅርታ፣ የኔ እህት። ከዚህ በላይ የማደርግልሽ የለኝም።»

ሄዘል ሰዓቷን ከእጇ ፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሦስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም ልየው» አለች።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ግሊን አንገቱን ደፋ። ውጭ፣ ሐይቁ መሐል፣ ትልቅ ዓሣ ዘሎ ውሃው ላይ ሲወድቅ ተሰማ፤ ኔቪል እንኳ ዞር አላለም። ላቡ በግንባሩ ወረደ።

«ይበቃል» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«ገና አንድ ደቂቃው ነው፣ ኔቪል» አለች።