የታሰረችው ጣት

መምህሩ እንደሚሉት የልጅቷ የቀለበት ጣት ሰነፍ ናት፤ ጠበቅ ተደርጋ ከተያዘች ትነቃለች። እህቷ እንደምትለው ደግሞ ጣቷ ምንም ስንፍና የለባትም። ሰነፉስ የሰው እጅ እንዴት እንደተሠራ አንድ ቀን ሳያዩ እጅ የሚያስተምሩት ሰውዬ ናቸው።

ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። የሚጣሉት በእሷ እጅ ላይ ነው።

ዛሬ እጇ ያለው መምህሩ ዘንድ፣ በጊታር ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ነው። የመሃል ጣቷ ወደ መዳፏ ታጥፋ፣ ከብስክሌት ጎማ በተቆረጠ ጥቁር ላስቲክ ታስራለች። ሌሎቹ ጣቶች ተዘርግተዋል።

«አንሺ» አሉ መምህሩ።

የቀለበት ጣቷ ከጠረጴዛው ንቅንቅ አላለችም።

«ሌባ ጣትሽ ትነሳለች። ትንሿም ትነሳለች። ይቺ ምን ሆና ነው? ሐዘን ተቀምጣ ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። ከሁሉም ጮክ ብሎ የሳቀው ንስሩ የሚሉት ልጅ ነው። ስሙ የወጣለት ለጊታር ብሎ በቀኝ እጁ ላይ ባሳደጋቸው ጥፍሮች ነው። እሱም በተራው ለልጅቷ ስም አውጥቶላታል፦ ቀለበት።

«ቲቸር፣ እንዳራት እንዴ» አለ። «ምናልባት ካገባች ትንቀሳቀስ ይሆናል።»

መምህሩ አልሳቁም፤ ዝም በልም አላሉትም። «ዓርብ ፈተና ነው» አሉ ወደ እሷ ዞረው። «ከዘጠኛችሁ አራት ናችሁ የምታልፉት። አንቺ በዚህች ጣት አታልፊም። እቤትሽ አስረሽ፣ በቀን መቶ ጊዜ ታነሻታለሽ።»

የፈተናው ዜማ ልክ እንደ ዝናብ ነው። አውራ ጣት ወፍራሙን ክር ይመታል፤ ከዚያ ሦስቱ ጣቶች አንዱን ቀጭን ክር ተራ በተራ እየነኩ ያንጠባጥባሉ። በቀለበት እጅ ግን ከሦስቱ አንዷ ሁልጊዜ ትዘገያለች። ዝናቡ ያነክሳል።

መቶ የተባለችውን ሁለት መቶ አደረገችው። በሦስተኛው ቀን ከክርኗ ዝቅ ብሎ ያለው ቦታ እንደ እሳት ይለበልባት ጀመር። የቧንቧ መክፈቻ ማዞር አቃታት። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እህቷ ከዩኒቨርሲቲ ስትገባ፣ ቀለበት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ሆና ጣቷን እያሰረች ነበር። እህቷ የመጨረሻ ዓመት የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ናት። ክፍላቸው አንድ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ላስቲክ።»

«ላስቲክ መሆኑንማ አየሁ። እጅሽ ላይ ምን ይሠራል?»

ነገረቻት። እህቷ ቦርሳዋን ወረወረችና እስክሪብቶ አወጣች። የታናሿን እጅጌ ሰበሰበችው።

«ጣትሽን የሚያነሳው ጡንቻ ጣትሽ ውስጥ ያለ ይመስልሻል? እዚህ ነው።» የሚለበልባትን ቦታ ጫን አደረገችው።

«አይ፣ እቴቴ፣ ያማል።»

«ያመዋላ። ሁለት መቶ ጊዜ ስታሠሪው ምን ጠብቀሽ ነበር?» ከክንዷ ተነስታ፣ በእጅ አንጓዋ በኩል አልፋ፣ እስከ አራቱ ጣቶች አራት መስመር አሰመረች። «እነዚህ ጅማቶች ናቸው። ጡንቻው ሲጎትታቸው ጣት ይነሳል።» ከዚያ በመሃሉና በቀለበቱ መስመር መካከል አጭር ማገናኛ ሳለች። «ይቺን አየሻት? ሁለቱን አያይዛ የምትይዝ ናት። አንዱን አጥፈሽ ካሰርሽው ሌላው ወደ ላይ መሄጃ የለውም። የእኔም ብትታሰር አትነሳም። የማንም አትነሳም።»

እናታቸው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ገባችና እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ የመሃል ጣቷን አጥፋ ሞከረች። የቀለበት ጣቷ እንደ ተቸነከረች ቀረች።

«እሺ፣ አልተነሳችም» አለች። «ግን እሳቸው ሃያ ዓመት አስተምረዋል። አንቺ ገና አልተመረቅሽም።»

«ሃያ ዓመት መሳሳት አይቻልም እንዴ፣ እማዬ?»

«ይቻላል። በሰው ፈተና ግን ትክክለኛነትሽን አታሳዪ።» እናታቸው ወጣች።

እህቷ እስክሪብቶውን ከደነች። «ሁለት ሳምንት ጊታር አትንኪ።»

«ፈተናው እኮ ዓርብ ነው።»

«እንግዲያው ውደቂያ።»

«ቀላል ነው ለአንቺ።» ቀለበት እጅጌዋን መልሳ አወረደች። «እሳቸውም ያዙኛል፣ አንቺም ታዢኛለሽ። አንቺ ደግሞ ስጫወት አንድ ቀን እንኳ አይተሽኝ አታውቂም።»

እህቷ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። «ተጫወቺ።»

ተጫወተች። ሁለት መስመር ሳትጨርስ እህቷ አስቆመቻት። «ትከሻሽ ጆሮሽን ሊነካ ነው። አንጓሽንስ እንዲህ ቆልምሚው ያለሽ ማን ነው?»

«እሳቸው። ከጣቶቹ በላይ ጉብ ይበል ይላሉ።»

«ጅማቶቹ የሚያልፉት በዚያው መታጠፊያ ነው። ገመድ በግድግዳ ማዕዘን ላይ እንደ መጎተት ነው። ክንድሽን ጊታሩ ላይ ጣይው፤ እሱ ይሸከመው። አንጓሽን ቀና አድርጊ። ጣትሽ ክሩን ስትነካ ወደ መዳፍሽ ትግባ። ጎረቤቶቿ ከተከተሏት አትከልክያቸው።»

መጀመሪያ ድምፁ ሁሉ ተበላሸባት። ቆይቶ ግን ያቺ የምትዘገየው ጣት አንድ ጊዜ በሰዓቷ ደረሰች። ሁለቱም ሰሙት።

«በቀን አሥር ደቂቃ» አለች እህቷ። «ካመመሽ ታቆሚያለሽ። ላስቲኩን ስጪኝ።»

«እሱን አልሰጥሽም። ዓርብ ቢጠይቁኝስ?»

እህቷ ደህና ዋይ ሳትላት ወጣች። እስከ ሐሙስም ስለ እጇ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ሐሙስ ከሰዓት ግን ዝናቡ ብዙም አያነክስም ነበር።

ዓርብ ተራዋ ደረሰ። ሌሎቹ ስምንቱ በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ቀለበት ግራ እግሯን መርገጫው ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋን ጥላ፣ ክንዷን ጊታሩ ላይ አሳረፈች።

«አንጓሽ የት ሄደ?» አሉ መምህሩ።

«ቀና አደረግኩት፣ ቲቸር።»

«ማን አዞሽ?»

ዓይኗን ወደ ክሮቹ አወረደች። ንስሩ ግን አላስቻለውም። «እህቷ ሐኪም ልትሆን ነው፣ ቲቸር። በነፃ ታክማታለች።»

«እንዲያ ከሆነ እሷው ትፈትንሽ። ላስቲኩን አውጪ። ዜማው ከመጀመሩ በፊት ሃምሳ ጊዜ አንሺ።»

ላስቲኩን ከጊታር ቦርሳዋ አወጣች። እጇ ላይ የእስክሪብቶው መስመር ፍዝዝ ብሎ ይታያል።

«ቲቸር» አለች። «እርስዎ አንዴ ያሳዩኝ።»

ለድፍረት አልነበረም፤ በእርግጥ ማየት ፈልጋ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ እሳቸው ሲጫወቱ ያየ ተማሪ የለም። የሚያስተምሩት በአፋቸውና በእርሳሳቸው ጫፍ ነው። መምህሩ ፊታቸው ተቀያየረ። ጊታሩን ከጭኗ ላይ መንጭቀው ወሰዱና ተቀመጡ።

የመጀመሪያዎቹ ድምፆች ክብ፣ ሙሉ፣ የሚያምሩ ነበሩ። ንስሩ እንኳ አንገቱን አሰገገ። ከዚያ የቀለበት ጣታቸው ማንም ሳያዛት ወደ መዳፋቸው ታጠፈች። ትንሿ ተከተለቻት። ዝናቡ ቆመ። መምህሩ በግራ እጃቸው ሁለቱን ጣቶች እንደ ተጨማደደ ወረቀት አንድ በአንድ ዘረጓቸው፤ እንደገና ጀመሩ። ጣቶቹ እንደገና ታጠፉ።

ማንም አልሳቀም። ንስሩ ጥፍሮቹን ያይ ነበር።

«ስድስት ዓመት» አሉ መምህሩ ጊታሩን እየመለሱላት። «በዚሁ ላስቲክ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን አላማረርኩም።» ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱት። «እሰሪ።»

ቀለበት ኪሱን አየች። ጣቶቻቸውን እንዲህ ያደረጋቸው ላስቲኩ ይሁን ሌላ ነገር፣ አታውቅም። እህቷም ብትጠየቅ በእርግጠኝነት አትናገርም ይሆናል። ልታዝንላቸው ፈልጋ ቀና አለች፤ ዓይናቸው ግን ለዚያ ቦታ አልሰጣትም።

«ካላሰርሽ ዜሮ ነው የምሞላልሽ» አሉ። እርሳሳቸውን በግራ እጃቸው አነሱ። የፈተናው ወረቀት ፊታቸው ነው፤ ከእሳቸው ሌላ ፈታኝ የለም።

ላስቲኩን ወረቀቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ትከሻዋን ጣለች፣ ክንዷን አሳረፈች፣ አንጓዋን አቀናች።

«አላስርም፣ ቲቸር» አለች። «ዜሮውን ይሙሉት። ዜማውን ግን እጫወታለሁ።»