የእማዬ ወንበር

«ተሸጣለች» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ውሸቷን ነው። መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር፣ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ጥቁር ናት፣ ረጅም ናት፤ ሞተሯ ሲነሳ የጎረቤት ውሾች ሁሉ ይጮሃሉ። የፊት መስታወቷ ላይ «የሚሸጥ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከሥሩ ዋጋ፣ ከዋጋው ሥር ደግሞ የልጅቷ ስልክ ቁጥር ተጽፏል። አባቷ የሚሠራው ማተሚያ ቤት ነው፤ እዚያ ማሽን አጠገብ ስልክ ቀርቶ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም። «የሚደውል ካለ አንቺ አነጋግሪልኝ፣ አደራ» ያላት ለዚህ ነው። እሷ ደግሞ አደራውን ቅርጥፍ አድርጋ በላችው።

መጀመሪያ አንድ ሰው ብቻ ልትመልስ ነበር ያሰበችው። አንዱን ከመለሰች በኋላ ግን ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነባት።

መኪናዋ የእናቷ ነበረች። እናቷ የመንገድ መሐንዲስ ነበረች፤ አቧራ ለብሳ የምትመጣ፣ ቦርሳዋ ሲፈተሽ ከሊፒስቲክ በፊት ሜትር የሚወጣ። መኪናዋን ከሰው እጅ ስትገዛ ዘመድ አዝማድ «አበደች!» ብሎ ነበር። እሷ ግን «መንገዱን የሠራሁት እኔ፤ እየተንፏቀቅኩ ልሂድበት እንዴ?» ብላ ሳቀችባቸው። አባቷ ፍጥነት አይወድም። አብሯት በወጣ ቁጥር ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚመለሰው። ስለዚህ ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር የልጅቷ ሆነ፤ ስሟም «ረዳት» ሆኖ ቀረ። እናቷ ሞተሩን አስነስታ ትጠብቃታለች። ረዳት እንደ ታክሲ ረዳት በሩን መታ መታ አድርጋ «ሳቢው!» ካላለቻት ንቅንቅ አትልም።

እናቷ ከሞተች ዓመት ሊሆናት ነው። አባቷ አሁንም «ረዳት» ነው የሚላት፤ ግን ሲጠራት ድምፁ ስብር ይላል።

ረዳት መኪናዋ እንዳትሸጥ የፈለገችበትን ምክንያት ለማንም አልተናገረችም። በሹፌሩ በር ላይ አንድ እና ሁለት የተጻፈባቸው፣ የወንበሩን ቦታ የሚያስታውሱ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች አሉ። ሁለት ቁጥር የእናቷ ነው። ረዳት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትገባና ወንበሩን ሆን ብላ ወደ ኋላ ትወስደዋለች፤ ከዚያ ሁለትን ትጫናለች። ወንበሩ እያንጎራጎረ ወደ ፊት ይመጣል፣ ከፍ ይላል፣ ስፖኪዮዎቹ ዞር ይላሉ። ልክ እናቷ በሩን ከፍታ የገባች ይመስላታል። እናቷ ታየው የነበረውን ሁሉ ከእናቷ ቦታ ሆና ታያለች፦ የግቢውን በር፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ፣ የጎረቤቱን አጥር። አንዳንዴ ታለቅሳለች፤ አንዳንዴ ዝም ብላ ትቀመጣለች። መኪና የገዛ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድነው? ወንበሩን ለራሱ ማስተካከል፣ ቁልፎቹም ላይ የራሱን ቦታ መያዝ። ያን ቀን የእናቷ ቦታ ይጠፋል።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቷ አዲስ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ማንም አልደወለም?»

«ማንም» አለች፤ ጫማዋን እያየች።

«አይ ጣጣ! ጎረቤታችን ያቺን ሚጢጢ መኪናውን ለጥፎ ሳይጨርስ አይደል እንዴ የሸጣት? ያውም በገዛበት ዋጋ!» አዲሱን ዋጋ ጻፈ። ካለፈው ወር ዝቅ ያለ ነው፤ ያለፈው ወሩም ከዚያ በፊት ከነበረው ዝቅ ብሎ ነበር። አሮጌውን ወረቀት በጥፍሩ ልጦ አነሳና «እናትሽ እንዲያ ትኮራባት የነበረችውን መኪና እኮ የሚጠይቃት እንኳ ጠፋ» አለ። «ብትሰማ እንዴት ታዝን ነበር።»

ይህን ሲል አንጀቷን በላት። አፏ ድረስ የመጣውን መልሳ ዋጠችው። እሱ ትንሽ እንኳ ሳያርፍ ለማታው ፈረቃ ተመልሶ ወጣ።

አባቷ ከመውጣቱ የመኪና ደላላ መጣ። ሰፈሩ «ቁርጡ» ይለዋል፤ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ «ቁርጡን ንገሩኝ» ስለሚል። አዲሱን ዋጋ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ።

«አየሽ እቱ፣ እንዲህ ያለች መኪና ትኩስ ዳቦ ናት። ካደረች ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ሀብታሙ አዲሷን ነው የሚገዛው። እንደኔ ያለው ደግሞ ነዳጇንና መለዋወጫዋን ይፈራል። እና ማን ቀረ?»

«ማንም» አለች ረዳት፤ ደስ ብሏት።

«አንድ ሁለት እብድ አይጠፋም። እኔ ራሴ ሦስት ሰው ልኬ ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሦስቱም ‹አንዲት ልጅ ተሸጣለች አለችን› አሉኝ።»

ረዳት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው» አለ ቁርጡ። ቁጣ ግን አልነበረበትም። «ለአባትሽ አልነግረውም። ደላላ ነኝ እንጂ አሳባቂ አይደለሁም። ግን አስቢው። መኪናዋ በቆመች ቁጥር ዋጋዋ ይወርዳል። እሱ ደግሞ ማታ ማታ የሚሠራው ለምን ይመስልሻል? እሷን የሚያቆምበት ግቢ ለመከራየት እኮ ነው። ሰውዬው አልቋል፣ የኔ ልጅ።»

«ጋሼ፣ እኔ…»

«ለኔ አይደለም የምትነግሪው» አለና ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁርጡን ሳይጠይቅ ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት አባቷ መኪናዋን ሊያሳጥብ ይዟት ሄደ። ሲመለስ ረዳት የግቢውን በር ከፈተችለት። ከመኪናው ሲወርድ ጉልበቱን ይዞ «ወይኔ!» አለ፤ እያነከሰም ሁለት እርምጃ ሄደ።

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«ምንም። መሪው ትንሽ መታኝ።»

ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። ወንበሩ በእናቷ ቦታ ላይ ነበር፤ መሪው ሥር ተለጥፎ። አባቷ በበር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ነው። ጉልበቱ አገጩን እየነካ ነበር ማለት ነው የነዳው።

«ወንበሩን ለምን ወደ ኋላ አላደረግከውም?»

አባቷ መልስ ከመስጠቱ በፊት የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፉ ጠረገ። ምንም አቧራ አልነበረበትም።

«እሷ የተወችው ነው እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «አንዴ ካነቃነቅኩት የት እንደነበረ በምን አውቃለሁ? ጋራዥም ስወስዳት እንዲሁ ነው። ሰዎቹ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።»

ረዳት ልትስቅ ፈለገች፤ የመጣው ግን እንባ ነው። ዓመቱን ሙሉ የእናቷን ቦታ የምትጠብቀው እሷ ብቻ መስሏት ነበር። ለካ እሱም ጉልበቱን እያስመታ ይጠብቅ ኖሯል።

«ግባ አባዬ። እንደገና ተቀመጥ።»

ታጥፎ ገባ። እጇን በበሩ ሰድዳ አንድ ቁጥርን ተጫነች።

«ተይ! ተይ አንቺ! እንዳትነኪው!» ብሎ ጮኸ። ወንበሩ ግን እያንጎራጎረ ወደ ኋላ መሄድ ጀምሯል። ሄደ፣ ሄደ፣ ዝቅ አለ፣ ስፖኪዮዎቹ ዞሩ፤ ቆመ። የአባቷ እግር ተዘረጋ። እጁ መሪው ላይ፣ ጀርባው ወንበሩ ላይ ልክ ሆነ።

«የእማዬ አልጠፋም» አለች ረዳት ቶሎ ብላ። «እሷ ሁለት ቁጥር ናት። አንድ ቁጥር አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«መኪናዋ የመጣች ቀን እማዬ ‹ና ተቀመጥባት› አላለችህም? ያን ቀን ነው ቁልፉ ላይ ቦታህን የያዘችልህ። ‹አንድ ቀን መንዳቱ አይቀርለትም› ትል ነበር።»

አባቷ ወደ ቁልፎቹ ጎንበስ አለ። ቁጥሩን በጣቱ ነካው። ከዚያ ግንባሩን መሪው ላይ አደረገና አለቀሰ። ረዳት ዞራ በራሷ በር ገባችና ጎኑ ተቀመጠች። እጁን ያዘችው። «ቦታ ይዛልኝ ነበር» አለ፤ ደጋግሞ እሱኑ አለ።

«ይሄ ነገር» አለ በኋላ ፊቱን እየጠረገ፣ «ነቅለን ማስቀረት አይቻልም?»

«አይቻልም። አብሯት ነው የሚሄደው።»

ስልኩ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው። አባቷ «አንሺው እንጂ» አለ፤ ገና በዚያው የለቅሶ ድምፁ።

«ሄሎ፣ ይቅርታ» አለች አንዲት ሴት። «ባለፈው ስደውል ተሸጣለች ተብዬ ነበር። አሁን ግን መንገድ ላይ አየኋት፤ ወረቀቱም እንዳለ ነው።»

መኪናዋ ውስጥ ድምፅ አይደበቅም። አባቷ ቀና ብሎ ልጁን አያት። ረዳት ዓይኑን ሸሸች፤ ከዚያ መልሳ አየችው።

«አልተሸጠችም» አለች። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። ለሌሎቹም እንዲሁ ነው ያልኳቸው።»

ሴትየዋ አልተቆጣችም። «እሺ… መጥቼ ልያት? ብቻ ቁመቴ አጭር ነው፤ ትልልቅ መኪና ላይ መሪው ይርቀኛል።»

እናቷም አጭር ነበረች። ረዳት ሁለት ቁጥርን አየችው። ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«አይርቅዎትም። ከሰዓት ይምጡ፤ ወንበሩን እኔ አስተካክልልዎታለሁ።»

ስልኩን ዘጋችው። አባቷ ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ለረጅም ጊዜ አያትና «ሁሉንም ትነግሪኛለሽ» አለ። «አሁን አይደለም። ቀበቶሽን እሰሪ።»

ሞተሩን አስነሳ። የጎረቤት ውሾች ጮሁ። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ወደ ፊት እያየ ቁጭ አለ፤ ንቅንቅ አላለም። ረዳት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት መስኮቱን ዝቅ አደረገች፤ እጇን አውጥታ በሩን መታ መታ አደረገች።

«ሳበው» አለች።