ኖራው ሳይደርቅ

መርማሪዋ ስትደርስ ሽማግሌው ከአሮጌው ማማ ግርጌ በጎናቸው ወድቀው፣ ፊታቸው በራሳቸው ባርኔጣ ተሸፍኖ ነበር። የከተማዋን ቅጥር ሊያይ የመጣው ጎብኚ ዙሪያውን ይተራመሳል፤ ግማሹ ፎቶ ያነሳል፣ ግማሹ ምን እንደ ሆነ ይጠያየቃል።

ባልደረቦቿ ስለ ቅጥነቷም ስለ ነገረ ሥራዋም «መርፌ» ይሏታል። መርፌ ተንበርክካ የሟቹን እጆች ገልጣ አየች። ግራ መዳፋቸው ነጭ ኖራ ለብሷል። ቀኙ ንጹሕ ነው።

«ማን ናቸው?»

«ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው» አለ አስጎብኚው። «ዕድሜ ልካቸውን ስለዚህች ከተማ ሲያስተምሩ ኖረው አንድ ቀን አይተዋት አያውቁም። ሊያዩዋት ሲመጡ ደግሞ ዓይናቸው ጠፍቷል። ሚስታቸው ናቸው በየደረሱበት እያዩ የሚነግሯቸው። ልጃቸውም አብሮ አለ።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ግቢው ውስጥ። የቀረውን ቡድን በሙሉ ፊቴ አቁሜ እያስረዳሁ ነበር። መምህሩ ከላይ ሲስቁ ሰማኋቸው፤ ከልባቸው ነው የሳቁት። ትንሽ ቆይቶ ዱብ አሉ።»

«ሳቁ?»

«ሳቁ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።»

መርፌ አስጎብኚውን አስከትላ ወደ ማማው ወጣች። ደረጃው ጠመዝማዛ ነው፤ ከመጥበቡ የተነሳ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ትከሻውን ሰብስቦ ነው የሚያልፈው። ጠዋት የተቀባው የግድግዳው ኖራ ገና እርጥብ ነበር። ላይ ሲደርሱ በአንድ ወገን መከታው ፈርሷል። ክፍተቱን ዘግቶ መዋል የነበረበት ሰንሰለት አልተበጠሰም፤ ከመንጠቆው ወልቆ፣ ተጠቅልሎ፣ ጥግ ላይ በሥርዓት ተቀምጧል።

«ቀቢዎቹ ሲወርዱ ዘግተውታል» አለ አስጎብኚው። «ከዚያ ወዲህ የወጣ ቡድን የለም።»

ሚስትየው ትኬት መሸጫው ክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው በወጉ ተበጥሯል፣ ጫማቸው ተወልውሏል፤ ሹራባቸው ግን ስፌቱ ወደ ውጭ ነው።

«ነፍስ ይማር፣ እናቴ። ከባለቤትዎ ጋር አልወጡም ነበር?»

«ጉልበቴ ደረጃ አይችልም፣ ልጄ። ብቻዬን እወጣለሁ አለ። ግትር ነው፤ አንዴ ካለ አለ ነው።»

ልጃቸው ደጅ ቆሟል፤ በር የሚሞላ ጎልማሳ ነው።

«ውሃ ልገዛ ሄጄ ነበር» አላት።

«አባትህን አንተም ትመራቸው ነበር?»

«እኔን መች አስጠግተውኝ! ‹አንተ የምታየውን መናገር አታውቅበትም› ይሉኛል። እናቴ ብቻ ናት፣ ቀንም ሌሊትም።»

መርፌ ከራሱ እስከ እግሩ አየችው። ከዚያ አስጎብኚውን ጠራችና ሁሉንም ትኬት መሸጫው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መምህሩ ራሳቸውን አልጣሉም» ብላ ጀመረች። «ሊሞት የወጣ ሰው እንደዚያ አይስቅም። ደግሞም የሳቁት ከሰው ጋር ነው። ዓይነ ስውር ብቻውን ሲወጣ በሁለት እጁ ግድግዳ ይዳብሳል፤ እሳቸው ግን የዳበሱት በግራቸው ብቻ ነው። ቀኛቸውን ሰው ይዞላቸው ነበር። ያ ሰው ሰንሰለቱን አወለቀ፤ ከዚያም እንደ ልማዱ ጠቅልሎ ጥግ አስቀመጠው። አስጎብኚው ያን ጊዜ ቡድኑ ፊት ቆሞ ነበር። ስለዚህ የቀሩት...»

«እኔ ነኝ!» አለ ልጁ ብድግ ብሎ። «እኔ ነኝ የገፋኋቸው። በቃ፣ ውሰዱኝ።»

«ተቀመጥ፣ ወንድሜ» አለችው መርፌ በለዘበ ድምፅ። ዞር ብላ ጃኬቷን አሳየችው። ሁለቱም ትከሻዎቿ ነጭ ናቸው። «ከቅጥነቴ የተነሳ ባልደረቦቼ መርፌ ይሉኛል። እኔ እንኳ በዚያ ደረጃ ወጥቼ እንዲህ ሆንኩ። አንተ ብትወጣ ኖሮ ዱቄት ውስጥ የተንከባለልክ መስለህ ነበር የምትወርደው። ልብስህ ላይ ቅንጣት ኖራ የለም።»

ከዚያ ወደ እናትየው ጎንበስ አለች።

«እናቴ፣ ሹራብዎን ይገልብጡልኝ።»

ሴትዮዋ አልተከራከሩም። ቀስ ብለው አወለቁትና ገለበጡት። ከትከሻው እስከ ክርኑ ነጭ ነበር። ልጁ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ደከመኝ ብል ማን ይሰማኛል?» አሉ። «ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ሰው አልነበርኩም፣ ዓይን ነበርኩ። ስበላም እነግረዋለሁ፣ ስተኛም እነግረዋለሁ። ሕልሜን ሳይቀር ይጠይቀኛል። ይችን ከተማ ካየ ይበቃዋል ብዬ ነበር። ወጣን። ጣራዎቹን ነገርኩት። አንዲት ድመት ከተሰጣ ሸሚዝ ጋር ስትታገል ነገርኩት፤ ሳቀ። ደስ ብሎት ሳይ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ‹ለከርሞ ደግሞ ሌላ ከተማ ታሳዪኛለሽ› አለኝ።»

ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ሰንሰለቱን አወለቅሁ። ‹ምንድነው የሚንኳኳው?› አለኝ። ‹ምንም› አልኩት። ‹ና፣ ወደፊት፣ መደገፊያ አለ› አልኩት። አመነኝ።»

ልጁ መዳፉን ከፊቱ ሳያነሳ ጠየቀ፦ «ድመቷስ፣ እማ? እሷ እንኳ ነበረች?»

«አልነበረችም። ስንቱን ልይለት? ውሎ አድሮ ከልቤ እየፈጠርኩ ነበር የምነግረው። ይችንም ከተማ እኮ ገና አላየኋትም።»

መኪናው እናትየውን ይዞ በጎብኚው መሃል እየተሹለከለከ ሄደ። ልጁ እስኪሰወር ድረስ ቆሞ አየው፤ ከዚያ ወደ መርፌ ዞረ።

«ባያውቁት ኖሮስ? ወደቁ ተብሎ ቢቀርስ? ማን ይጎዳ ነበር?»

መርፌ የትከሻዋን ኖራ በመዳፏ ጠረገች።

ልጁ ከኪሱ የጎብኚዎችን ካርታ አውጥቶ ዘረጋና አስጎብኚውን ጠራው።

«እስር ቤቱ የትኛው ነው?»

አስጎብኚው ካርታውን ተቀበለው። ጣቱ በአደባባዮቹና በሙዚየሞቹ ላይ ሄዶ ጠርዙ ላይ ቆመ።

«እዚህ ላይ የለም። ለጎብኚ አይጽፉትም። በዚህ መንገድ ቀጥ ትልና ወንዙን ትሻገራለህ።»

«በእግር ይደርሳል?»

«ይደርሳል። ዛሬ ግን አያስገቡህም፣ ወንድሜ።»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ፤ የሰማ ግን አይመስልም። ካርታውን አስጎብኚው እጅ ላይ ትቶት በተጠቆመው አቅጣጫ መራመድ ጀመረ።