አረፋው ሲጠፋ

ኸይረዲን አላሳለም።

በርበሬ በረንዳ፣ በአባቱ መጋዘን ውስጥ፣ ያ ሁሉ የበርበሬ ጆንያ ሲገለበጥ የማያስል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኩሊዎቹ ሳል ሊገድላቸው ነው፤ የሰዓደት ዓይን እንባ በእንባ ሆኗል። ወንድሟ ግን ጥግ ይዞ ፍጥጥ ብሎ ተቀምጧል። የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ጠላቂ ነው። ከምጽዋ ለዕረፍት መጥቶ ነገ በጠዋት ሊመለስ ነው።

«ማሻአላህ! ባሕሩ ሳንባውን ብረት አደረገለት!» አሉ እናታቸው ሐጀራ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። ከዚያ ኩሊዎቹን አስከትለው ስንቁን ሊያሳስሩ ወጡ።

ሰዓደት ግን የወንድሟን ደረት አየች። አይንቀሳቀስም።

«ኸይሩ! ተንፍስ እንጂ!»

ዝም በይ ብሎ በጣቱ ወደ እግሩ አመለከታት። አንዲት አይጥ ከጆንያዎቹ መሃል ወጥታ ጫማው ላይ ቁጭ ብላለች። ሌላዋም ተከተለች። ሰዓደትን ሰውነቷን ወረራት። ኸይረዲን በረጅሙ ሲተነፍስ ሁለቱም እልም አሉ።

«አየሽ? አሣም እንደዚሁ ነው» አለ እየሳቀ። «የአየር ጋን ተሸክመን ስንወርድ አረፋችን ይንጣጣል፤ ለእነሱ ጩኸት ነው፣ ይሸሻሉ። ትንፋሽሽን ስትይዢ ግን ይመጣሉ። እዚያ የሰመጠ አሮጌ መርከብ ውስጥ እኔን የሚያክል አንድ አሣ አለ። መነጽሬ ድረስ ተጠግቶ ቆሞ ያየኛል።»

«አያስፈራም?»

«መጀመሪያ ያስፈራ ነበር። አሁን የሚጠብቀኝ ይመስለኛል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አለቃችን ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የወጣ ሳንባው ይቀደዳል ይላል። ባለፈው ግን መተንፈሱን ጭራሽ ረሳሁት፣ ሰዓዲ። ጓደኛዬ ባይጎትተኝ አልቆልኝ ነበር። ለእማ እንዳትነግሪ፣ ማይልኝ!»

«ወላሂ አልናገርም» አለች። ወንድሟን ስለምትወደው ማለች።

ኸይረዲን ፈገግ አለና እንደገና ትንፋሹን ያዘ። አይጦቹ ተመለሱ። አሁን ብዙ ናቸው። አንዷ ጉልበቱ ላይ ወጣች። ዓይኖቹ ወደ ሰዓደት ዞረዋል፣ ግን የሚያዩዋት አይመስሉም።

«ኸይሩ?»

ከንፈሩ ጠቆረ። «ኸይሩ!» ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው። እጁ ቀዝቅዟል። በስንት መከራ አየር ሳበ።

«ምነው? አሁን ገና ትንፋሼን መያዜ እኮ ነው» አላት ግራ ገብቶት።

የምሩን ነበር። ሰዓደት ወደ በሩ ዞረች። እዚህ እሷ አለች፤ እዚያ ታች ግን ማን አለ? ከውጭ እናታቸውና አባታቸው ስንቁን እያሳሰሩ ይሳሳቃሉ።

«አባ! እማ! ቶሎ ኑ!»

«ምለሽልኛል እኮ!» ኸይረዲን ክፉኛ አያት። «ሁለተኛ አላናግርሽም!»

«አታናግረኝ» አለች፤ እያለቀሰች ነበር።

አባቷ በሩን ከፍተው «ምነው ልጄ?» አሉ። ሰዓደት የወንድሟን እጅ ጭምቅ አድርጋ እንደያዘች መናገር ጀመረች።