ዘጠና ስድስት ዲግሪ

«ዘጠና አራት… ዘጠና አምስት… ኧረ በናትህ፣ አሁን አይደለም!»

የኮምፒውተሯ ሙቀት ዘጠና ስድስት ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ድርግም አለ። ወዲያው ስልኳ ጮኸ። የጌም ቲሟ አለቃ ነው፤ ሁሉም «ቀበሮ» ይሉታል።

«አንቺ፣ ደግሞ ጠፋሽ? ቅዳሜ ውድድሩ ላይ እንዲህ ካደረግሽን አለቀልን እኮ!»

«ፈልጌ ያጠፋሁት መሰለህ? ይግላል፣ ይጠፋል። ትናንት ማክሰኞ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ስጫወት ደህና ነበር።»

«አቦ፣ አመለኛ ኮምፒውተር!»

አመለኛ የሚለው ቃል ልክ ነበር። ሁልጊዜ ቢግል ኖሮ ችግሩን ማግኘት ቀላል ይሆን ነበር። ይሄኛው ግን ሲያሰኘው ይግላል፣ ሲያሰኘው ሰላም ይውላል። አቧራውን ጠርጋለች። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ቅባት ቀይራለች። ማራገቢያዎቹም፣ ማቀዝቀዣውን ፈሳሽ የሚያዞረው ፓምፕም ይሠራሉ። ታዲያ ምን ቀረ?

ከጎኗ፣ ዝቅ ባለችው ወንበር ላይ፣ አያቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዕድሜ ልካቸውን ቧንቧ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው አላራምድ ሲላቸው ከሁለት ወር በፊት ወደ እነሱ ቤት መጡ። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወንበራቸውን እየጎተቱ ክፍሏ ይገቡና ኮምፒውተሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። መሬት ላይ ከተቀመጠው የኮምፒውተሩ ሳጥን አናት የሚወጣው ሞቅ ያለ አየር ተስማምቷቸዋል። «ይሄ ዕቃሽ ከሐኪሙ ቅባት ይሻላል» ይላሉ። ጌሙ አይገባቸውም፤ «እሰይ!» እና «ውይ!» የሚባልበትን ቦታ ግን ከፊቷ ያነብባሉ። እሷም እሳቸው ሲኖሩ ነው የበለጠ ደስ የሚላት።

አንድ ችግር አለባቸው፤ ሰው ያስቸገሩ ከመሰላቸው ቶሎ ይከፋቸዋል። ባለፈው እናቷ በከዘራቸው ተደናቅፋ «ውይ!» ስላለች ብቻ፣ «ወንድምሽ ዘንድ ልሂድ፣ አጣበብኳችሁ» ብለው ሻንጣቸውን አሰናድተው አደሩ። ሻንጣውን ለማስፈታት ሁለት ቀን ልመና ፈጅቷል።

«መሐንዲሷ፣ እስቲ አብሪውና ልስማው» አሉ። ጉልበታቸው ላይ የነበረውን ብርድ ልብስ አልጋዋ ላይ ጣሉና ጎንበስ ብለው ፈሳሹ የሚዞርበትን ጥቁር ቱቦ በሁለት ጣት ያዙት። «ይንጎራጎራል። አየር ገብቶበታል። ቀስ ብለሽ አዘንብዪው።»

አንድ ላይ ይዘው ሳጥኑን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዘነበሉት። መንጎራጎሩ ቆመ። ስልሳ ሁለት ዲግሪ። አያቷ እራት እስኪደርስ ቱቦውን እንደያዙ ቁጥሩን ሲጠብቁ ቆዩ፤ ስልሳ ሁለት ላይ ጸና።

«ቧንቧ ያው ቧንቧ ነው!» አሉ እየተኩራሩ።

በማግስቱ ዘጠና ስድስት ገባ። ድርግም።

አያቷ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። «እጄም አረጀ ማለት ነው» አሉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑና እዚያው ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከኮምፒውተሩ መጥፋት ይልቅ ይህ አሳዘናት።

ቀኑን፣ ሰዓቱንና ዲግሪውን የምትጽፍበትን ደብተር አወጣች። ማክሰኞና ዓርብ፣ ማክሰኞና ዓርብ ሰላም ነው። በነዚህ ቀናት ምን የተለየ ነገር አለ? አያቷ ጉልበታቸውን ሊታሹ ክሊኒክ ይሄዳሉ።

ቀስ ብላ ዞረች። ብርድ ልብሱ ከጉልበታቸው ተንሸራቶ የሳጥኑን አናት፣ ሙቀቱ በሚወጣበት በኩል፣ ጥቅጥቅ አድርጎ ሸፍኖታል። ትናንት ግን አልጋዋ ላይ ነበር! ጫፉን አነሳች። የታመቀው ሙቀት ፊቷ ላይ ቡፍ አለ።

ወጣ ብላ ለቀበሮ ደወለች።

«ታወቀ! የአባባ ብርድ ልብስ ነው።»

«ታዲያ ምን ችግር አለ? ቅዳሜ አትግቡ በያቸዋ። በሩን ቆልፊው፣ በቃ።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ግን ከዚያ ዓረፍተ ነገር እስከ አያቷ ሻንጣ ያለው መንገድ ምን ያህል አጭር እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

«አይ፣ ሌላ መላ እፈልጋለሁ» አለችው።

ዓርብ፣ አያቷ ክሊኒክ እያሉ፣ የፈሳሹን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ራዲያተር ከሳጥኑ አናት ፈትታ በፊት ለፊቱ በኩል አሰረችው። ሁለት ብሎን ጠፋባት፤ አንዱን አልጋ ሥር አገኘችው፣ ሌላውን ከአሮጌ ሬዲዮ ነቀለች። ሳጥኑን ወደ ወንበሩ አዙራ፣ ብርድ ልብሱ እንዳይደርስበት ከጫማ መደርደሪያው የፈታችውን የሽቦ መረብ በሁለቱ መካከል አቆመች። አየሩ አሁን በቀጥታ ጉልበት ላይ ያርፋል። ራሷ ተቀምጣ ሞከረችው።

ቅዳሜ አያቷ በሩ ላይ ቆሙ። ወንበራቸውን አልያዙም።

«ውድድር ነው አሉ። እንዳላውክሽ ሳሎን ልሁን።»

«አባባ፣ ይግቡ እንጂ! ፓምፑን ማን ያዳምጥልኛል?» ወንበሩን ራሷ አመጣችላቸው።

ተቀመጡ። «ሙቀቱ ዛሬስ ጭራሽ በረታ!» አሉ ጉልበታቸውን እያሻሹ። ከዚያ ሽቦውን አዩት። «ለመሆኑ ችግሩ ምን ነበር?»

«ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነበር። መንገድ ሰጠሁት።»

አያቷ ሽቦውን አዩ፤ ብርድ ልብሳቸውን አዩ። ከዚያ የብርድ ልብሱን ጫፍ ሰበሰቡና ጭናቸው ሥር ወተፉት።

«ስንት ደረሰ?»

«ስልሳ አንድ።»

«እሰይ» አሉ፤ ወንበራቸውንም ጠጋ አደረጉ።

ቀበሮ «ዝግጁ ነሽ?» እያለ በሄድፎኑ ይጮሃል። አጠለቀችው፤ በአያቷ በኩል ያለውን ጆሮዋን ግን ክፍት ተወችው።